ቁልቁለት ላይ የሚያብድ ሞተር

ባለ አራት ጎማዋ ሞተር ለሦስተኛ ጊዜ በሰው መኪና ተጭና ስትመጣ ጋሽ ካንዴላ ከወንበራቸው አልተነሱም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ወደ ጋራዡ በር አዩና "መጣችልን" አሉ። ልጃቸው ግን የያዘችውን ቁልፍ ጥላ ሮጠች። የሮጠችው ወደ ሞተሯ አልነበረም። ከመኪናው ጋቢና፣ ቀኝ ክንዱን በግራው አቅፎ፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ ወደሚወርደው ባሏ ነበር።

ባሏ የደን እሳት ጠባቂ ነው። ከከተማዋ ጀርባ ያለው ተራራ ከግርጌው እስከ ጫፉ የተተከለ ደን ሲሆን ጫፉ ላይ የብረት ማማ ቆሟል። በደረቁ ወራት ጠዋት ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ጭስ ሲፈልግ ይውላል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይወርዳል። መውጫ መውረጃው ይቺው የደን መሥሪያ ቤቱ ባለ አራት ጎማ ናት። እሷ ስትታመም የሚያክማት ደግሞ የሚስቱ ቤተሰብ ጋራዥ ነው።

ጋራዡ የአባትየው ነው፤ እጁ ግን የልጅየዋ። ጋሽ ካንዴላ ግራ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እሳቸው ያዛሉ፣ እሷ ትፈታለች፣ ትገጥማለች። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት በጉብዝናቸው ዘመን ነው። ካንዴላዋን፣ ያቺን እሳት የምትጭር ዕቃ፣ ከሞተሩ ላይ ፈተው ጫፏን አይተው ብቻ ሕመሙን ይናገሩ ነበር። ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም። ክፋቱ፣ አለመሳሳትን ለምደውት ነበር።

የዚህ ዓይነት ሞተር እንደ መኪና ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ሲሰጠው ነው። ዘይቱ ከተረሳ ፒስቶኑ ደርቆ ይፋቃል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ቀጥ ይላል። መካኒኮች "ነከሰ" ይሉታል። ድብልቁን ጠዋት ጠዋት የሚያዘጋጀው ባልየው ራሱ ስለሆነ ጋሽ ካንዴላ ፍርዳቸውን ገና በመጀመሪያው ጊዜ ሰጥተው ጨርሰዋል፤ ዘይት ረስቷል፣ አለቀ። ፒስቶን ቀየሩ። በሁለተኛውም ያንኑ ብለው ሌላ ፒስቶን ቀየሩ።

ደግሞ ሰውየው ዝንጉ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ጨው ግዛ ተብሎ ወጥቶ ክብሪት ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን እንዲያውም ቀኙን ከአንድ ጫማ፣ ግራውን ከሌላ ጫማ ተጫምቶ ማማ ላይ ውሏል። ይህን ወሬ በአማቱ ቤት ሰው ሁሉ በሳቅ እስኪፈርስ ያወራው ራሱ ነበር። አሁን ያ ቀልድ ዞሮ መሰከረበት።

ጭኖ ያመጣው ሹፌር እንዳለው፣ ባለ አራት ጎማዋ የተገኘችው መታጠፊያው ላይ ተጋድማ፣ የፊት ጎማዋ ከገደሉ አፋፍ ወጥቶ ነው። ሰውየውን ወደ ዳገቱ በኩል ወርውራው ባይሆን ኖሮ ወሬውን የሚነግር አይኖርም ነበር።

"ነዳጅ መስጫውን ለቀቅኩት" አለ ባልየው ወደ አማቱ ዞሮ። ድምፁ ደክሟል። "ለቀቅኩት፤ ሞተሩ ግን ጭራሽ ጮኸ። ከዚያ በአንዴ ነከሰና የኋላ ጎማው ቀጥ አለ። ስወጣ ደህና ነው፤ ስወርድ ነው የሚያብደው። ባለፈውም ነግሬዎታለሁ።"

ጋሽ ካንዴላ አላዩትም። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ለባልሽ ንገሪው፤ ያልተሰጠውን ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር እስካሁን አልተሠራም" አሉ።

ባልየው ክንዱን ይበልጥ ወደ ደረቱ አስጠጋ። ሹፌሩ ጤና ጣቢያ ይዞት ሄደ። ትከሻው ወልቆ ኖሮ መለሱለት፣ ክንዱንም በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የደን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ለልጅየዋ ስልክ ደወለ። ነፋሱ በርትቷል፤ ተተኪው ጠባቂ በእግሩ ስለሚወጣ ማማው ላይ የሚደርሰው ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሞተሯ መቼ እንደምትደርስ ጠየቀ። ቀጥሎ ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የሰውየው ብሎ ጠየቃት። ገና እያየን ነው አለችው። ስልኩን ዘግታ መፍቻዋን አነሳች።

ሞተሩን ብቻዋን ፈታችው። ሲሊንደሩን ስታነሳ ፒስቶኑ በጭስ መውጫው በኩል ተግጧል፤ የቀረው ጎኑ ደህና ነው። ካንዴላዋ እንደ ጠመኔ ነጥታለች። ጣቷን ወደ ሞተሩ ሆድ ሰደደችና ከታች ያለውን፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ነካች። ጣቷን አውጥታ ከአውራ ጣቷ ጋር ስታሻሸው አንሸራተታት። ዘይት ነው።

ወደ አባቷ ዞረች። "አባባ፣ ሆዱ እኮ ዘይት አለው።"

አባቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ያ ስትገጥሚው የቀባሽው ነው አሏት። ይህን ልትክድ አልቻለችም፤ በእርግጥ ስትገጥም ቀብታዋለች። ካንዴላዋን አሳየቻቸው። ይህን ያህል የነጣችው ቤንዚን አንሶት አየር ስለበዛበት አይደለም ወይ ስትላቸው፣ አየርና ቤንዚኑን የሚመጥነውን ካርቡራተር ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ በዚያ በኩል የሚያንስም የሚበዛም ነገር የለም አሉ። የሞተሩን ሆድ ከፍተን እንየው ብላ ለመነቻቸው። ከመጀመሪያው ጊዜ ጀምሮ ያለችው ይህንኑ ነው። እሳቸውም የመለሱት ያንኑ ነው፤ ጤነኛ ሆድ አይቀደድም።

አባቷ ተሳስተዋል ለማለት ማስረጃ የላትም። ባሏ አልዋሸም ለማለትም የላትም። ሁለቱን የምትወዳቸውን ሰዎች አንዲት ጠብታ ዘይት መካከላቸው ገብታ ለያየቻቸው፤ ጠብታዋም የማን እንደሆነች አልታወቀም።

ማታ ራት ላይ ባሏን ጠየቀችው። ባትጠይቀው ይሻል እንደነበር ያወቀችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

"እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም። አንድ ቀን እንኳ ዘይቱን ረስተህ ታውቃለህ?"

በግራ እጁ እየተጨነቀ የያዘውን ማንኪያ አስቀመጠ።

"ስለ ጨው ብትጠይቂኝ ረስቻለሁ እልሽ ነበር" አላት። "አባትሽ ቢጠረጥሩኝ አማት ናቸው፣ ያለ ነው። አንቺ ግን አብረሽኝ ነው የምትኖሪው።"

ሳህኑን አንስቶ፣ አንድ እጁ ታስሮ ሳለ ራሱ አጠበው። ልታግዘው ስትነሳ ትከሻውን፣ ያንን ጤነኛውን፣ አዞረባት።

በማግስቱም በሚቀጥለውም ቀን ሥራዋን ሠራች። ሲሊንደሩን አስጠረገች፣ ዕቃ ቤት የቀረውን የመጨረሻ ፒስቶን ገጠመች። እንደተጠናቀቀ ጋሽ ካንዴላ ተነሱ። ድብልቁን እኔ ነኝ የማዘጋጀው አሉ። ቤንዚኑን ለኩ፣ ዘይቱን ለኩ፣ ጀሪካኑን ግራ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እስኪበቃቸው ናጡት። ቀጥለው ያልታሰበ ነገር አመጡ። እስከ ማማው ድረስ ራሴ ነድቼ እወጣለሁ፣ ራሴ ነድቼ እወርዳለሁ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል አሉ።

ይተዉ ብላ ለመነች። እጃቸውን ጠቀሰች፤ ያን ብታነሳ ይብሱን ጸኑ። አባቷ አንዴ እምቢ ካሉ እምቢ ናቸው። ስለዚህ ብቻዎን አይሄዱም አለችና ከኋላቸው ተፈናጠጠች።

ባሏ ከቤት መጥቶ የጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር። በአጠገቡ ሲያልፉ ሚስቱን ጉልበቷን ነካ አደረጋትና፣ "ስትወርዱ ነው" አላት፤ "ስትወርዱ ተጠንቀቂ።" ከራት ወዲህ የተናገራት የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

ዳገቱን እንደ ጉድ ወጡት። ሞተሩ አንዴም አልተንገዳገደም፣ ከኋላቸው ቀጭን ሰማያዊ ጭስ እየተወ በየመታጠፊያው ወደ ላይ ሳባቸው። ጋሽ ካንዴላ ከወጣትነታቸው ወዲህ እንዲህ አልነዱም መሰል፣ ጀርባቸው ቀና፣ ትከሻቸው ሰፋ አለ። "ሰማሽው?" አሉ ወደ ኋላ ጮኸው። "ይሄ ነው ዘይት የጠገበ ሞተር።" ልጅየዋ የአባቷን ወገብ ይዛ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በደህና ከወረዱ ባሏ ውሸታም ሆነ ማለት ነው። በደህና እንዳይወርዱ ደግሞ እንዴት ትመኝ?

ማማው ሥር ሞተሩን ሳያጠፉ ዞሩ። ተተኪው ጠባቂ ከላይ እጁን አውለበለበላቸው።

ቁልቁለቱ ከመጀመሪያው መታጠፊያ በኋላ ይጠነክራል። መንገዱ ከተራራው ጎን ተፍቆ የወጣ ነው፤ በስተግራ የአፈር ግድግዳ፣ በስተቀኝ የዛፎች ጫፍ ብቻ የሚታይበት ገደል። ጋሽ ካንዴላ ነዳጅ መስጫውን ለቀቁ። ሞተሩ ዝቅ ማለት ሲገባው ባለበት ቆየ። ቀጥሎ ድምፁ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ሲቃ እየቀጠነ፣ እየጠነከረ ሄደ።

"አባባ፣ ይልቀቁት!"

"ለቅቄዋለሁ!"

አየች። አውራ ጣታቸው መስጫው ላይ አልነበረም።

ባለ አራት ጎማዋ ከሥራቸው ሸሸች። ፍሬን ያዙ፤ ሞተሩ ግን ፍሬኑን እየታገለ ገፋቸው። ማጥፊያውን ተጫኑ። አልጠፋም፤ ፒስቶኑ ግሎ ስለነበር ያለ ካንዴላ እሳት ራሱን በራሱ እያቀጣጠለ ጮኸ። የሚቀረው ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን ፍሪሲዮን መያዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው በግራ እጅ በኩል ነው። አባቷ ያዙት፣ ጨመቁት፤ ጣቶቻቸው ግማሽ መንገድ ድረስ ሄደው ተንቀጠቀጡና ተመለሱ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና ተመለሱ። ልጅየዋ በክንዳቸው ሥር ልትደርስበት ብትንጠራራ እጇ አልደረሰም። መታጠፊያው እየመጣ ነው። ይህ ሞተር አሁን ቢነክስ የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል፤ ወደየትኛው ወገን እንደሚወረውራቸው የሚያውቅ የለም።

የነጣችው ካንዴላ ትዝ ያለቻት በዚህ መሐል ነው። አየር በዝቶበታል። አየር ከበዛበት ቤንዚን ይጠጣ።

ካርቡራተሩ ከመቀመጫው ሥር፣ ከግራ ጉልበቷ አጠገብ ነው። እዚያ ላይ ቾኩ አለ፤ ሞተር ቀዝቅዞ አልነሳም ሲል አየር ዘግቶ ቤንዚን የሚያበዛው። ጎንበስ ብላ በዳሰሳ አገኘችው፤ ብረቱ ጣቷን አቃጠላት፤ ሳበችው።

ጩኸቱ ተሰበረ። ሞተሩ ትን እንዳለው ሰው ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ድምፁ ወረደ፣ ወረደና ጠፋ። ፍሬኑ ያዘ። መታጠፊያው ላይ፣ ባሏ ከወደቀበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሙ።

የሚቀዘቅዘው ብረት ጠቅ ጠቅ ይላል። ጋሽ ካንዴላ ወርደው ከአፈሩ ግድግዳ ሥር ተቀመጡ። ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ይዘው ጭናቸው ላይ ተጫኑት፤ እንዲያም ሆኖ አላርፍ አለ።

"ቾኩን ስስበው ለምን ረገበ?" አለቻቸው።

መልሱን ከማንም በላይ ያውቁታል።

"ቤንዚን ስላገኘ" አሉ። "አየር እየሰረቀ ነው። ካርቡራተሩን ሳያስፈቅድ ከሌላ ቦታ እየሳበ።" ቀና ብለው ገደሉን አዩ። "ልጁ እዚህ ነው የወደቀው?"

"እዚያ ጋ።" አሳየቻቸው።

ማርሹን ነጻ አድርገው፣ በፍሬን ብቻ፣ እሷ እየያዘች እሳቸው ከጎን በእግራቸው እየሄዱ ወረዱ። ባሏን መንገድ ላይ አገኙት። ከጋራዡ ተነስቶ፣ ክንዱ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ዳገቱን ይዞ እየወጣ ነበር። የሞተሩ ጩኸት እታች ድረስ ተሰምቶት ነው የመጣው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ሚስቱን ከላይ እስከ ታች አየ፣ ቀጥሎ አማቱን። ደህና መሆናቸውን ሲያረጋግጥ ዞረና ከፊታቸው ቀድሞ ወረደ።

ጋራዥ ሲደርሱ ጋሽ ካንዴላ ሆዱን እንፈትሽ አሉ። የሞተሩን አፍና የጭስ መውጫውን በጎማ ደፈኑ፣ በአንድ ቀዳዳ ብቻ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ገጠሙ፣ ቮላኖውን፣ ያንን በጎን በኩል የሚሽከረከረውን ከባድ ብረት፣ ፈተው አነሱ። አየር የሚያፈስ ቦታ ካለ የሳሙና ውኃ ሲቀባ አረፋ ያወጣል። ባልየው እግሩ ጤነኛ ነውና መንፊያውን በእግሩ ይረግጥ ጀመር። ልጅየዋ በብሩሽ ቀባች። አባቷ መብራት ያዙ።

አረፋ የለም። በመጋጠሚያው ላይ የለም፣ በካርቡራተሩ አንገት ላይ የለም፣ በየትም የለም። ባልየው ረገጠ፣ ረገጠ፣ አየሩ ገብቶ ፀጥ ብሎ ተቀመጠ። የሚያፈስ ነገር የለውም ማለት ነው። ጋሽ ካንዴላ የያዙት መብራት የሦስቱንም ጥላ ግድግዳው ላይ ሰቅሏል።

"ቀዝቅዟል እኮ" አለ ባልየው። ለማን እንደሚናገር አልለየም። "እኔ ላይ ያመጣው ሁሌም ከሞቀ በኋላ ነው። ዳገት ወጥቶ፣ በደንብ ግሎ።"

ጋሽ ካንዴላ ሄደው የሻይ ማፍያውን አምጥተው ምድጃ ላይ ጣዱት። ውኃው ሲፈላ ጨርቅ እየነከሩ የሞተሩን ጎን ጠቀለሉት፤ ሲቀዘቅዝ ሌላ ነከሩ። ብረቱ እጅ የማያስነካ ሲሆን ጨርቁን ገፈፉና ልጅየዋ እንደገና ቀባች።

"ርገጥ" አሉ ጋሽ ካንዴላ።

ከቮላኖው ጀርባ፣ ዘንጉ ከሞተሩ ሆድ በሚወጣበት ዙሪያ፣ አንዲት አረፋ ተነፋች። ፈነዳች። ሌላ ተተካች። ቀጥሎ እንደሚፈላ ወተት በዙሪያው ተንቸፈቸፈ።

አየሩን የምታፈሰው ዘንጉን የምታቅፈው የጎማ ቀለበት ናት። ልጅየዋ በመንቀያ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። ከንፈሯ እንደ ደረቀ ቆዳ ጠንክሮ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ብርድ ላይ ታጠብቃለች፣ ሲግል ትለቃለች፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ፣ ሞተሩ አየር ፍለጋ በእሷ በኩል ይምግ ነበር። የሞተሩን ሆድ አንድ ጊዜ ቢከፍቱት ኖሮ ሁለቱ ፒስቶኖች ባልተቃጠሉ፣ ያ ትከሻም ባልወለቀ።

ጋሽ ካንዴላ መብራቱን አስቀመጡ። ልጃቸውን አላዩም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቻቸውን ፊት ለፊት አዩት።

"ላይ ላዩን ነው ሳክመው የነበረው" አሉ። "አንተ ስትወርድ ነው ብለኸኝ ነበር። አልሰማሁህም። ልትሞትብኝ ነበር፣ ልጄ።"

ባልየው አንገቱን ደፋ። "እርስዎስ ይሁን" አለ ቀስ ብሎ። የቀረው ቅሬታ ለማን እንደሆነ ሚስቱ ታውቃለች፤ ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነክራ ያልቆሸሸውን ታጥበው ጀመር።

ያን ቀን ይቅርታ ጠየቀችው። እሺ አላት፤ እሺታው ግን የጎረቤት እሺታ ነበር። አዲሱ ቀለበት እስኪመጣ፣ ትከሻውም እስኪድን ባለው ጊዜ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ተከባብረው ኖሩ። ጨው ረስቶ ሲመጣ እንኳ ሁለቱም አልሳቁም። ለደን መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደውላ ጥፋቱ የዕቃው ነው፣ የሰውየው አይደለም ብላ ነገረችው፤ ይህን መደወሏን ለባሏ አልነገረችውም፣ ከኃላፊው ሰማ። ጋሽ ካንዴላ በበኩላቸው ጋራዥ የመጣውን ሰው ሁሉ አስቀምጠው የሞተሩን ታሪክ ከሥሩ ይጠይቁ ጀመር። ለጥቂት ሳምንት። ከዚያ ወደ ጠባያቸው ተመለሱ።

ቀለበቱ በሁለቱም ጎን ተቀይሮ ሞተሩ ሲገጠም መፈተኛው ቀን መጣ። ባልየው ክንዱ ተፈቶለታል። ባለ አራት ጎማዋ አጠገብ ደርሶ ቆመና እጀታዋን ሳይነካ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"አንቺ ንጂያት" አላት። "እኔ ከኋላ ልሁን።"

እየፈራ መሆኑን አወቀች፤ እሷም ትፈራ ነበር። ወጡ፣ ማማው ሥር ዞሩ፣ ቁልቁለቱን ያዙ። ያ መታጠፊያ ሲታይ ወገቧን የያዘው እጁ ጠበቀ። አውራ ጣቷን ከመስጫው ላይ አነሳች።

ሞተሩ ወዲያው ዝቅ አለ። ፖ፣ ፖ፣ ፖ እያለ፣ እንደ ታዘዘ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። መታጠፊያውን አለፉት። ቀጣዩንም አለፉት። ባሏ ወገቧን አልለቀቀም፤ ግንባሩን ግን ጀርባዋ ላይ አሳረፈው፣ ክብደቱንም ለቀቀባት። እስከ ግርጌው ድረስ እንዲሁ ይዛው ወረደች።